ስድስት መርከብ ለኢዮአታም

አልጀርስ፣ ኅዳር 1793

ይድረስ ለአባቴ ወንድም፣ አባቴ ሲሰደድ ላሳደጉኝ ለአቶ ዘሩባቤል ታፕሊ፤ ኒውበሪፖርት፣ ማሳቹሴትስ።

አጎቴ፤ ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎንም አክስቴ ሚልካንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኛ በሕይወት አለን። ልጅዎ ኢዮአታም አጠገቤ ተቀምጦ ስጽፍ ያየኛል፤ ትከሻው ከመላጡ በቀር ደኅና ነው። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። መርከብዎ ተማርካለች። እኛም ባሮች ሆነናል።

የደረቀውን ዓሣ ጭነን የስፓኝ ወደብ ካዲዝ ልንገባ አንድ ቀን ሲቀረን የአልጀርስ መርከብ ደረሰችብን። መድፍ ስላልነበረን አልተዋጋንም። አለቃቸው ወረቀት ጠየቀ። እርስዎ እንደሚያውቁት የእንግሊዝ የይለፍ ወረቀት አናቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጦ ነው የሚሰጠው፤ የተቆረጠው ግማሽ አልጀርሶቹ ዘንድ አለ። ሁለቱን ያጋጥሙና ልክ ከመጣ «መንገድህን ሂድ» ይላሉ። ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣን አሥር ዓመት ቢያልፍም ባሕሩ ገና ወሬው አልደረሰውምና፣ ከወደባችን የሚነሳ ካፒቴን ሁሉ አንዱን ከሆነ ቦታ ገዝቶ በሣጥኑ ይዞ ይወጣል። እኔም አንድ አግኝቼ ነበር። እርስዎ ወደቡ ላይ በሰው ፊት ከእጄ ነጥቀው ውሃ ውስጥ ጣሉት። «የዘሩባቤል መርከብ በንጉሥ ወረቀት አትጓዝም!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ስለዚህ የሰጠሁት የአገራችንን ወረቀት ነበር፣ ንስሩ ያለበትን። ሰውዬው ከራሱ ግማሽ ጋር አጋጠመው፤ አልገጠመም። ገልብጦ ሞከረው። ከዚያ ንስሩን ትኩር ብሎ አየና በተሰባበረ ስፓኝኛ «ይህች ዶሮ የማን ናት?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ልብሳችንን አስወልቀው ወደ መርከባቸው አሻገሩን።

አሁን ሥራችን ከተራራ ድንጋይ ፈንቅለን ወደብ ማውረድ ነው። የምንበላው ጥቁር ዳቦ በኮምጣጤ ነው። እግራችን ላይ ሰንሰለት አለ። ያልደነገጠው ወጥ ሠሪያችን ቂሮስ ብቻ ነው። «ካፒቴን፣ እናንተ አዲሶች ናችሁ። ለእኔ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የቨርጂንያው ጌታዬ ግን እየገረፈ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብልኝ ነበር» አለኝ።

አጎቴ፤ የዚህ አገር ገዥ ከስዊድንም ከዴንማርክም ከእንግሊዝም ጋር ውል አለው። የነሱን መርከብ አይነካም። ሰው ልካ ያልተዋዋለችው የእኛ አገር ብቻ ናት። እርስዎ ተሰሚ ሰው ነዎት። ለኮንግረስ ይጻፉ፤ ሰው ይላኩ፤ ውል ይዋዋሉና እንፈታ። ኢዮአታም ለእናቱ እጅ ይነሳል።

ታዛዥ የወንድምዎ ልጅ
አሣሄል ታፕሊ

ኒውበሪፖርት፣ ሚያዝያ 1794

ለልጄ ለአሣሄል፤

ዳንኤልን ከአንበሶች ጉድጓድ ያወጣ አምላክ አንተንና ኢዮአታምን ይጠብቅ። አክስትህ ሌት ተቀን ትጸልይላችኋለች። እኔም ጤናዬ ደኅና ነው፤ እግሬን ብቻ ቁርጥማት ይዞኛል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ እሑድ ከስብከቱ በኋላ መድረኩ ላይ ወጥቼ ለምእመናን አነበብኩት። እንደ ልማዳችን የባሕረተኛ ደብዳቤ የከተማው ሁሉ ነውና አንድ ሰው አልቀረም። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ጥርሳቸውን ነከሱ። የይለፍ ወረቀቱን ነገር ግን ዘልዬዋለሁ፤ ለሕዝቡ የሚጠቅም ነገር የለውም። የወጥ ቤቱንም ንግግር እንዲሁ። ልጄ፣ ደብዳቤ ስትጽፍ ብዙ ጆሮ እንደሚሰማህ አስብ።

አሁን ደስ የሚልህን ስማ። ኮንግረስ ስድስት ታላላቅ የጦር መርከቦች እንዲሠሩ ወሰነ! ስድስት! ትናንት አንዲት ጀልባ ያልነበራት አገር! አንዷ እዚሁ አጠገባችን ቦስተን ትሠራለች፤ የእሷን ገመድ የሚገምደው ደግሞ የአጎትህ ገመድ መግመጃ ነው። አርባ ሰው ቀጥሬአለሁ። እያንዳንዱን ገመድ ሲያጠብቁ «ይህ ለኢዮአታም ነው» እንዲሉ አዝዣቸዋለሁ፤ ይላሉም።

ውል፣ ውል አትበለኝ። ለዘራፊ ወርቅ ከፍሎ ሰላም የሚገዛ ሕዝብ የነጻ ሕዝብ ስም አይገባውም። ንጉሡን ያባረርነው ለሌላ ንጉሥ ለመገበር አይደለም። መርከቦቹ ሲያልቁ በመድፍ አፍ መጥተን እናወጣችኋለን። እስከዚያ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ወንድምህንም ቀጥ አድርገህ ያዝ።

በግንቦት ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ልወዳደር ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ሰው ልብ የሚገባ ነገር ጻፍ፤ ስለ ሰንሰለቱ በሰፊው ብትል ጥሩ ነው።

አጎትህ ዘሩባቤል

አልጀርስ፣ መስከረም 1794

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ዘሩባቤል፤

በምክር ቤት ወንበርዎ ላይ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎ። እኛ ከተራራው ላይ ድንጋይ እያወረድን ነው። ከዘጠኛችን ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ድንጋይ ተንከባሎበት፣ አንዱ በተቅማጥ።

ስለ ሰንሰለቱ በሰፊው ጻፍ ብለውኛል። ሰንሰለቱ ብረት ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ስለ መርከቦቹ የወጣውን ሕግ እስከ መጨረሻው አንብበውታል? እዚህ አንድ የስዊድን ነጋዴ አለ፤ የእኛን ጋዜጣ ያመጣልናል። ሕጉ በስተመጨረሻ «ከአልጀርስ ጋር ሰላም ከተደረገ የመርከቦቹ ሥራ ወዲያው ይቁም» ይላል። አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለኢዮአታም አነበብኩለት። እሱ ገራገር ነው፤ «እንግዲያው እኛ ስንፈታ የአባባ ገመድ ሊቆም ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኛ እስከታሰርን ድረስ አርባ ሰው ገመድ ይገምዳል ማለት ነው፤ እኛ ከተፈታን አርባ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እርስዎም የሚናገሩት ያጣሉ። ይህ እንዳልሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መርከቦቹማ ላም አለኝ በሰማይ ናቸው። ዛፉ ገና አልተቆረጠም ይላሉ። እኛ ነን እየተቆረጥን ያለነው።

ሌላ መንገድ ተከፍቷል። እዚህ ያለው የእንግሊዝ ቆንስል ኢዮአታምን አይቶ አዘነለት። «ይህ ልጅ የተወለደው አገራችሁ ነጻ ሳትወጣ ነው፤ ስለዚህ የንጉሡ ዜጋ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ ይፈርም፤ በሳምንት ውስጥ ሊዝበን አደርሰዋለሁ» አለኝ። ለእኔ ግን አይሆንም፤ ካፒቴን ሆኜ የአገራችንን ወረቀት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ልጁን ግን ማውጣት ይቻላል!

እኔ ዛሬውኑ ፈርም አልኩት። እሱ ግን «አባባ ሳይፈቅድ አልፈርምም፤ ያን ወረቀት ውሃ ውስጥ ሲጥለው አይቻለሁ» አለኝ። ስለዚህ ለምኖ የማያውቅ የወንድምዎ ልጅ ይለምንዎታል። አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉ። «ፈርም» ይበሉ። ሌላ ምንም ባይጽፉ፣ ምርቃትም ባይኖርበት አልቀየምም።

አሣሄል

ኒውበሪፖርት፣ የካቲት 1795

ለአሣሄል፤

እግዚአብሔር ልብህን ያብርድልህ። የእኔም እንዲበርድ ጸልይልኝ፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ስለ ገመዱ የጻፍከውን እንዳላየ አልፌዋለሁ። ባሪያ የሆነ ሰው ምላሱ ይመርራል። ላሳደግኩህ ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ከመጻፍህ በፊት ግን እናትና አባት ሆኖ ማን እንዳበላህ ብታስታውስ መልካም ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አይፈርምም።

አንተ አባትህን አታስታውሰው ይሆናል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ። ወንድሜ ነበር። አንድ ማኅፀን፣ አንድ አልጋ። በጦርነቱ መጀመሪያ ከተማው ተሰብስቦ እያንዳንዱን ሰው ቃል ሲያስገባ እሱ «እኔ የንጉሡ ሰው ነኝ» አለ። ይህችኑ ቃል። ስብሰባውን የምመራው እኔ ነበርኩ። ከከተማው ይባረር ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ነበርና። በንጉሡ ሥር ወደቀረችው ወደ ሃሊፋክስ ተሰደደ፤ እዚያው በብርድ ሞተ። አሁን የራሴ ልጅ ያችኑ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብሎ ይምጣና ጸሎት ቤት ከጎኔ ይቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል? «ወንድሙ ሲሆን አባረረ፤ ልጁ ሲሆን አቀፈ» አይልም? በምክር ቤቱስ ምን ዓይን ይኖረኛል? ባላጋራዎቼ ይህንን ነው የሚጠብቁት።

ደግሞም ምን ያስቸኩለዋል? የቦስተኗ መርከብ ወገቧ ድረስ ቆማለች። በመጪው ዓመት መድፍ እንጭንባታለን። ለኢዮአታም እንዲህ በለው፤ አባትህ በአንተ ይኮራል፣ ትንሽ ታገሥ፣ የታፕሊ ልጅ ለንጉሥ አይንበረከክም። ይህንን ገጽ ራሱ ያንብበው።

እናቱ ሹራብ ሠርታለታለች፤ በዚህ መርከብ ልኬአለሁ።

አጎትህ

አልጀርስ፣ ሐምሌ 1795

ለአቶ ዘሩባቤል ታፕሊ፤

ደብዳቤዎ በግንቦት መጨረሻ ደረሰ። ኢዮአታም ገጹን ራሱ አነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ድንጋዩን ሊያነሳ ሄደ። ቆንስሉ አንድ ሁለት ጊዜ ሰው ላከበት፤ «አባቴ አልፈቀደም» ብሎ መለሰው። ሹራቡ ለዚህ አገር ሙቀት አይሆንም፤ ቢሆንም ትራስ አድርጎት ይተኛ ነበር።

በሰኔ ቸነፈር ገባ። ከተማውን ሁሉ ነው የመታው፤ የእነሱንም ልጆች። ኢዮአታም ብብቱ ሥር አበጠ፤ ስፓኞቹ ቄሶች ወደሚያስታምሙበት ቤት ተሸክመን ወሰድነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሞተ። ሦስቱንም ቀን አጠገቡ ነበርኩ። የቀበረው ቂሮስ ነው፤ እኔ መቆፈር ስላቃተኝ እሱ ቆፈረ፣ ተሸክሞም አወረደው። ከከተማው በር ውጭ፣ ባሕር ዳር ነው ያለው።

ልጅዎ ጥሩ ልጅ ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቸነፈሩ ከእኛ ሌላም አንድ ሰው ወሰደ፤ አምስት ቀርተናል። አሁን እንኳ ስለ ሰላሙ ይናገሩ። ለእሱ ያልሆነው ለእነዚህ ይሁን። ለአክስቴ እርስዎ ይንገሯት፤ በሰው ፊት ግን አያንብቡት። እባክዎን በሰው ፊት አያንብቡት።

አሣሄል

ኒውበሪፖርት፣ ጥር 1796

ለልጄ ለአሣሄል፤

የሰጠ ጌታ ነሣ፤ ስሙ የተባረከ ይሁን። በቤታችን ላይ የወረደውን ሐዘን ቃል አይገልጸውም። አክስትህ አትናገርም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ እሳት ታነዳለች፤ አትናገርም። እኔ ግን መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የምፈነዳ ይመስለኛል።

በሰው ፊት አታንብብ ብለህ ነበር። አላነበብኩትም። በጋዜጣ አወጣሁት። አትቆጣ፤ ልጄ ከጉድጓድ እንደተጣለ ውሻ ስሙ ሳይጠራ መቅረት የለበትም። የከተማችን ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ሰጠው። የመጨረሻ ቃሉንም አስገብተናል። አንተ ስላልጻፍከው፣ እኔ አባቱ ነኝና ልቡን ስለማውቅ፣ ሊል የሚችለውን አሰብኩት። «ለአረመኔ ወርቅ አትስጡት፤ መድፍ ስጡት! እኔ በሰንሰለት ብሞትም ነጻ ሰው ሆኜ እሞታለሁ።» ይህን ያላነበበ ሰው በክፍለ ሀገሩ ውስጥ የለም። የቦስተን ጋዜጦች ደገሙት። ልጆች በትምህርት ቤት በቃላቸው ይሉታል። ቅጂ ልኬልሃለሁ።

ከአልጀርስ ጋር ውል ተፈረመ የሚል ወሬ ሰምተናል። እውነት ከሆነ ውርደት ነው። መርከቦቹ ገና በግማሽ ቆመው ሰላም! የልጄ አጥንት እዚያ ተቀብሮ ሰላም! ለውሉ ወርቅ እንዳይከፈል የሚል አቤቱታ አዘጋጅቻለሁ። በሐምሌው የነጻነት በዓል ግብዣ ላይ፣ ለኢዮአታም ቃል ጽዋ ከተነሳ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ይፈርምበትና ወደ ኮንግረስ እልከዋለሁ። በመከርም ለኮንግረስ እወዳደራለሁ። የማደርገው ለእሱ ነው፤ ይገባሃል?

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የመታሰቢያ ሐውልት አሠርቼለታለሁ። ቃሉ ሊቀረጽበት ነው። ሽማግሌዎቹ «ምስክር አለ ወይ?» አሉኝ። አጠገቡ የነበርክ አንተ ነህ። ቃሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለህ ጽፈህ ፈርመህ ላክልኝ። አምላክ ሲያወጣህም ሰንሰለቱን ይዘህ ና፤ በሰልፉ ላይ በእግርህ አድርገኸው ከፊት ትሄዳለህ።

አጎትህ ዘሩባቤል

አልጀርስ፣ መጋቢት 1796

አቶ ዘሩባቤል፤

ጤናዎን አልጠይቅም። «አንተ» እንዳልልዎ ያሳደገችኝ አክስቴ አስተዳደግ ይከለክለኛል እንጂ፣ እንደ ንዴቴ ቢሆን ሌላ ስም ነበር የምጠራዎት።

ጋዜጣውን ለአራቱም አነበብኩላቸው። ከዚያ ቂሮስ «ማን ነው የሞተው?» አለ። ኢዮአታም ነው አልኩት። «እኔ የቀበርኩት ኢዮአታም?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲህ አጎትህ ሌላ ቀብረዋል» ብሎ ወጣ።

ውሉ ወሬ አይደለም። በመስከረም ተፈርሟል። መድፍ ተተኩሶ ወደቡ ላይ ባንዲራችን ተሰቅሏል። እኛ ግን እስካሁን ድንጋይ ላይ ነን፤ ወርቁ ስላልመጣ። የዚህ አገር ገዥ ትዕግሥት አልቆ «ገንዘቡን ካላየሁ ውሉን እቀደዋለሁ፣ እናንተንም እዚያው ተራራው ላይ እስክትሞቱ አሠራችኋለሁ» እያለ ነው። ታዲያ ወርቁ እንዳይመጣ የሚከራከር ማን ነው ብዬ ሳስብ እርስዎን አገኛለሁ! በልጅዎ ስም! በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በገዛ ልጅ ቁስል የሚሰድ ግን አላየሁም።

ምስክርነት ፈልገዋል። እሰጥዎታለሁ።

በሐምሌ የጻፍኩልዎ ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ለምኖኝ ነበርና ዘለልኩት። አሁን ልመናውን አፍርሼ እነግርዎታለሁ፤ ይፈርድብኝ እንደሆነ በሰማይ ይፍረድብኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቀው። እጄን ያዘኝ። እንዲህ አለ፦ «አሣሄል፣ ሩጥና ለእንግሊዙ ንገረው። እንግሊዛዊ ነኝ ብሏል በለው። እፈርማለሁ። ለአባባ ግን እንዳትነግርብኝ።»

ሮጥኩ። በሰንሰለት የሚሮጠውን ያህል ሮጥኩ። በረኛው «ቆንስሉ ተኝተዋል፣ ነገ ና» አለኝ። ስመለስ ሞቶ ነበር።

ይኸው የመጨረሻ ቃሉ። ድንጋይዎ ላይ ይቅረጹት! ከሥሩ ስሜን ያስገቡ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እምላለሁ። ስለ አገር የተናገረው አንድም ቃል የለም። ስለ መድፍም የለም። ልጁ የሞተው መኖር እየፈለገ ነው። እንግሊዛዊ ሆኖም፣ ቱርክ ሆኖም፣ ምንም ሆኖ መኖር ፈልጎ ነበር። እኔ አገሬን ከእርስዎ ባነሰ አልወድም። የምወዳት አገር ግን ሰው ልካ ልጆቿን የምታስፈታ ናት፤ በልጆቿ ሬሳ መርከብ የምትሠራ አይደለችም።

ስለ ሰንሰለቱ፤ ይዤ አልመጣም። እርስዎ ከፈለጉት እዚህ ብዙ አለና መጥተው ይሞክሩት።

አሣሄል ታፕሊ

ኒውበሪፖርት፣ ሐምሌ 1796

ለልጄ ለአሣሄል፣ እኔ በጡቴ ባላጠባህም በእጄ ለጎረስከው፤

እንዴት ከርመሃል አልልህም፤ እንዴት እንደከረምክ አሁን አውቄአለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ቃስያ ናት። እኔ የታተመ ነገር አነባለሁ እንጂ የእጅ ጽሕፈት አላውቅም፤ እኛን ሴቶቹን ማንበብ ብቻ ነው ያስተማሩን። ስለዚህ ደብዳቤህን ሁሉ እስካሁን ያነበበልኝ አጎትህ ነው። ቃስያን እንደተናገርኩት እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

የመጋቢቱ ደብዳቤህ በሰኔ መጣ። አጎትህ መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበው። «ምን ይላል?» አልኩት። «ደኅና ናቸው፤ ሰላም ይልሻል» አለኝ። ሁለት ሙሉ ገጽ ሰላም አየህ! ፊቱ ኖራ መስሏል። ደብዳቤውን ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ሲተኛ ወሰድኩት፤ ሠላሳ ዓመት ከሰው ኪስ ምንም ወስጄ አላውቅም። ጠዋት ወደ ቃስያ ሄድኩና አንብቢልኝ አልኳት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ቀጥይ» አልኳት። ቀጠለች።

ልንገርህ፣ አሣሄል፤ እኔ አልደነቀኝም። ያ ጋዜጣ የወጣ ቀን ራሴ አንብቤዋለሁ፤ የታተመ ነው። ያን ጊዜ ነው አንደበቴ የተዘጋ። ልጄ እንደዚያ አይናገርም! በነጻነት በዓል መድፍ ሲተኮስ ድንች ማከማቻው ውስጥ ገብቶ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ ነው «መድፍ ስጡት» የሚለው? ከተማው ሁሉ ስለ ልጄ ሲያለቅስ እኔ የማላውቀው የሰው ልጅ ይመስለኝ ነበር። እውነተኛውን ያገኘሁት ቃስያ ስታነብልኝ ነው። «ለአባባ እንዳትነግርብኝ።» ይኸ የእኔ ልጅ ነው። ያኔ አለቀስኩ።

ለአጎትህ ምንም አላልኩትም። በዓሉ እስኪደርስ ዝም አልኩ። ግብዣው እንደ ሁልጊዜው በትልቁ መጠጥ ቤት ነው፤ ሴት አይገባም፤ ውጭ መድፈኛው ቆሞ በየጽዋው አንዳንድ ይተኩሳል። ቃስያን «ነይ» አልኳት። «እትዬ ሚልካ፣ ያስወጡናል» አለች። «ያስወጡን፤ መጀመሪያ ግን ይስሙን» አልኳት።

በሩ ላይ ደረስን። አጎትህ ጽዋውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ለልጄ ለኢዮአታም ቃል!» ሲል ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔም ገባሁ። «የትኛው ቃል?» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ «እመቤት፣ ሐዘን አለብዎት፣ ይቀመጡ» አለኝ። «ሐዘኔ እግሬን አልሰበረውም» አልኩት። «ቃስያ፣ አንብቢ።» አነበበችው። አጎትህ ወደቡ ላይ ውሃ ውስጥ የጣለው ወረቀት ምን እንዳደረገ እኔ ራሴ ነገርኳቸው፤ የቀድሞ ደብዳቤዎችህንም ሁሉ ቃስያ አንብባልኝ ነበር። ፍቀድልኝ ያለውንም፣ አይሆንም የተባለውንም ነገርኳቸው። «እናንተ ወርቁ አይከፈል ልትሉ ነው። እዚያ አምስት ሰው አለ። እናት የላቸውም? ለምን አትጠይቋቸውም፣ መድፍ ነው ዳቦ ነው የሚፈልጉት ብላችሁ?»

ውጭ ያለው መድፈኛ ምንም ስላልሰማ ጽዋው ያለቀ መስሎት ተኮሰ። ብርጭቆው ሁሉ ተንጫረረ። ማንም አልጠጣም።

አቤቱታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ቀለሙም ብዕሩም ተዘጋጅቶ። አንድ ሰው እንኳ አልፈረመበትም። ገመድ መግመጃው ውስጥ የሚሠሩትም አልፈረሙም። አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን እያነሱ ወጡ። አንዱ አጠገቤ ሲደርስ «ይቅርታ እናቴ፤ ቃሉን ለልጆቼ አስተምሬያቸው ነበር» አለኝ።

አጎትህ ወደ ቤት ሲመጣ ይመታኛል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አላወለቀም። «ለምንድን ነው ለእኔ እንዳይነገር የፈለገው?» አለ። «ሚልካ፣ ልጄ ይፈራኝ ነበር?»

«ሁላችንም» አልኩት።

ስትፈታ ቀጥታ ወደዚህ ቤት ና። ሰው ምን ይላል አትበል። ስለ ልጄ የምጠይቅህ ብዙ አለኝ፤ የማይታተመውን ሁሉ።

አክስትህ ሚልካ